ቀሚሱ ሰፋኝ፣ ልቁረጠው ወይ?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዓልና ሠርግ ሲደራረብ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ሁሌም ይመሳሰላሉ። ቀሚስ ይገዛል፣ ወይ ከአገር ቤት ይላካል፣ ወይ ከእህት ይወረሳል፤ ከዚያ መስታወት ፊት ሲቆም ልክ አይመጣም። የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አድርጌ አምስቱን መርጫለሁ። ከመጀመሬ በፊት ግን መቀሱን መሳቢያ ውስጥ መልሱት። እዚህ ከምንነጋገረው ሥራ አብዛኛው መቀስ አይፈልግም። ስፒል፣ ሜትር፣ መርፌና ክር፣ ካውያ ካላችሁ ይበቃል። የሚረዳ ሰው ከተገኘ ደግሞ እሰየው።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን። ከሰልባጅ አንድ የሚያምር የጥጥ ቀሚስ ገዛሁ። ቀለሙ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ እጅጌው ክርን ይደርሳል፣ ዚፑ ከኋላ ነው። ችግሩ ቁጥሩ 42 ነው፣ እኔ ደግሞ 38 ነኝ። ስለብሰው ድንኳን ውስጥ የገባሁ ነው የምመስለው። የስፌት መኪና የለኝም። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ሥራ በዝቶበት የሰጠኝ ቀጠሮ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ካለፈ በኋላ ነው። በእጄ ሰፍቼ ብለብሰው ያስኬዳል ወይስ ሰው ፊት ይተረተርብኛል? (ከአዲስ አበባ፣ ሰሚት)

መልስ፦ ያስኬዳል። በእጅ የተሰፋ የሚተረተረው ስፌቱ ተንዛዝቶ ወደ ፊት ብቻ ሲሄድ ነው። ወደ ኋላ እየተመለሰ የተሰፋ ስፌት ጎትተሽም አትበጥሺውም። እናቶቻችን ስንቱን ልብስ በእጃቸው ሰፍተው አልብሰውናል።

መጀመሪያ እጠቢውና ተኩሺው። የሰልባጅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጥጥ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ይችላል፣ ካጠበብሽው በኋላ ቢሰበሰብ ደግሞ ድካምሽ ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው።

ከዚያ ለሠርጉ የምታደርጊውን ጡት ማስያዣና ጫማ አድርጊና ቀሚሱን ገልብጠሽ ልበሺው። ጡት ማስያዣ ሲቀየር የደረት ልክ አብሮ ይቀየራል፣ ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ስፒሉን እህትሽ ወይ ጎረቤትሽ ትሰካልሽ። ራስሽ ጎንበስ ብለሽ ስትሰኪ ልብሱም አብሮሽ ይጎብጣል፣ ቀና ስትዪ ልኩ ሌላ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በአውሮፓ ቁጥር 38 እና 42 በደረት ዙሪያ አብዛኛውን ጊዜ የ8 ሴንቲ ሜትር ልዩነት አላቸው። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚስቱት። "8 ከሆነማ ከግራ 4 ከቀኝ 4" ይሉና ይሰፋሉ፣ ከዚያ ቀሚሱ በጭራሽ አልገባ ይላል። ጎን ላይ ስትይዢ የምትይዢው ጨርቅ እኮ ድርብ ነው፤ አንዱ የፊቱ፣ አንዱ የኋላው። 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ስትገቢ ከዙሪያው 4 ይቀነሳል። ስለዚህ የተረፈሽን ለአራት አካፍይው። 8 ለአራት ሲካፈል 2 ነው፣ ከእያንዳንዱ ጎን 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ትገቢያለሽ።

የተረፈሽን ስል ግን ገላሽ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ አይደለም። የማይለጠጥ ጨርቅ ደረት ላይ ከገላሽ ዙሪያ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ሊሰፋ ይገባል፣ አለዚያ ትንፋሽ አይሰጥሽም። ዳሌ ላይም እንደዚሁ ነው፣ ቆመሽ ልክ የሆነ ቀሚስ ስትቀመጪ ይጨንቅሻል።

ስፒሉ የሄደበትን መስመር በደረቀ ሳሙና ስባሪ አስምሪ። ለጥቁር ጨርቅ ከሳሙና የተሻለ ጠመኔ የለም፣ ሲታጠብ ይጠፋል። እስክሪብቶ እንዳታስጠጊ። ግራና ቀኙን በሜትር ለኪና አንዱ 2 ሌላው ሁለት ተኩል ከሆነ አስታርቂያቸው።

አስቸጋሪዋ ቦታ ብብት ናት። መስመሩን እዚያ ላይ ድንገት ካቆምሽው ጨርቁ ይጨማደዳል፣ ፎቶ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ስለዚህ ብብቱን አልፈሽ ወደ እጅጌው ግቢ፣ ቀስ በቀስ እያሳነስሽ ሄደሽ ከድሮው ስፌት ጋር አገናኚው። 2 ሴንቲ ሜትር በዚህ መንገድ ያልፋል። ከዚያ ብዙ ከበለጠ ግን የእጅጌው መግቢያ ይጠብና እጅሽን ማንሳት ያቅትሻል። ያኔ እጅጌው ተፈትቶ እንደ አዲስ መገጠም አለበት፣ እሱን ለባለሙያ ተዪው። ወደ ታች ስትወርጂም ማዕዘን እንዳይኖረው አድርገሽ ልኩ የሆነበት ቦታ ላይ ከድሮው ስፌት ጋር አቀላቅዪው።

ዋናውን ስፌት ከመጀመርሽ በፊት በሌላ ቀለም ክር ሰፋ ሰፋ አድርገሽ ወስውሺውና ወደ ውጭው መልሰሽ ልበሺው። ተቀመጪ፣ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ጫማሽን ለማሰር ጎንበስ በዪ፣ እስክስታም ሞክሪ፣ ሠርግ ነው የምትሄጂው። የሚይዝሽ ቦታ ካለ ያን ቦታ ብቻ ፈተሽ አስተካክዪ። ውስወሳ ለመፍታት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ የጨረስሽውን ስፌት መፍታት ግን የምሽት ሥራ ነው።

ዋናውን ስትሰፊ ፖሊስተር ክር ተጠቀሚ፣ ከጥጥ ክር ይጠነክራል። ከክንድሽ የረዘመ ክር አታስገቢ፣ ይጠላለፍና ያናድድሻል። መርፌዋን ወደ ፊት ታወጪያታለሽ፣ ወደ ኋላ ተመልሰሽ ያለፈው ስፌት ጫፍ ላይ ትሰኪያታለሽ፣ ከታች በኩል ደግሞ አሳልፈሽ እንደገና ከፊት ታወጪያታለሽ። እያንዳንዷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ትሁን። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። ብብት አካባቢ ሁለቴ ሂጂበት፣ ጫናው ያለው እዚያ ነው።

ስትጨርሺ ስፌቱን ወደ ኋላ አስተኝተሽ ተኩሺው። ቤት የተሠራ የሚያስመስለው ብዙ ጊዜ ስፌቱ ሳይሆን አለመተኮሱ ነው። ውስጥ የቀረውን ትርፍ ጨርቅ አትቁረጪ፣ ማንም አያየውም፣ ነገ ብትወፍሪ ትመሰግኚኛለሽ።

ወገብሽ ላይ ከጀርባ በኩል አሁንም የሚነፋ ከሆነ ዚፑን እንዳትነኪው። ከዚፑ ግራና ቀኝ፣ በዚፑና በጎን ስፌቱ መካከል፣ አንዳንድ የቆመ እጥፋት ያዢ። ወገቡ ላይ 1 ሴንቲ ተኩል ገብቶ፣ ወደ ላይ ከትከሻ አጥንትሽ በታች፣ ወደ ታች ከመቀመጫሽ በላይ እየሳሳ የሚያልቅ ይሁን። ሁለቱ እጥፋቶች ብቻቸውን ከወገብሽ ዙሪያ 6 ሴንቲ ሜትር ይወስዳሉ፣ ስለዚህ እነሱን ካሰብሽ ጎኑን አስቀድመሽ ብዙ አታጥብቢው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ለእንቁጣጣሽ ከሽሮ ሜዳ ሐበሻ ቀሚስ አሰፍታ ላከችልኝ። ልኬን በስልክ በኢንች ነበር የነገርኳት፣ የት ላይ እንደተሳሳተ አላውቅም። ጎኑ ሰፊ ነው፣ ርዝመቱም መሬት ይጠርጋል። ታች ዙሪያውን ጥለት አለው፣ ፊት ለፊትም ከአንገት ጀምሮ የሚወርድ ጥለት አለ። እዚህ ልብስ የሚያስተካክሉ ሰዎች ጋ ብወስደው የታቹን ጥለት ቆርጠው እንዳይጥሉት ፈራሁ። የቤት ስፌት መኪና አለኝ፣ መጋረጃ ሰፍቼበት አውቃለሁ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እንኳን ፈራሽ። ቀሚስ አሳጥሩ የተባለ ባለሙያ ሁሉ የሚጀምረው ከታች ነው፣ ጥለት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ደግሞ የታቹ ጌጥ ተራ ጠርዝ ነው። መጋረጃ ከሰፋሽበት መኪናሽ ለዚህም ይበቃል፤ እኔ ራስሽ ሥሪው ባይ ነኝ።

ከርዝመቱ እንነሳ። የታቹን ጥለት ገልብጠሽ እዪው። ክሩ ከጨርቁ ጋር አብሮ የተሸመነ ነው ወይስ ለብቻው ተሸምኖ ከላይ የተሰፋ ነው? የተሰፋ ከሆነ በጠርዙ ላይ የመኪና ስፌት ታያለሽ። ያ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። ጥለቱን ቀስ ብለሽ ትፈቺዋለሽ፣ ከፍ አድርገሽ በምትፈልጊው ልክ ላይ መልሰሽ ትሰፊዋለሽ፣ ከሥር የሚተርፈውን ወደ ውስጥ አጥፈሽ ትቀመቅሚዋለሽ። ቀሚሱ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን ጥለቱ ከፍ ሲል ዙሪያው ያንሳልና የሚተርፈውን ጎን ስፌቱ ላይ ደብቂው።

አብሮ የተሸመነ ከሆነ ከታች ምንም አትንኪ። ሁለት መንገድ አለሽ። ቀሚሱ ወገቡ ላይ የተቀጠለ ከሆነ፣ ማለትም ላይና ታቹ ለየብቻ ተሰፍተው የተገናኙ ከሆነ፣ ያን መጋጠሚያ ፈተሽ ከታችኛው ክፍል ላይኛውን ጠርዝ ታሳጥሪያለሽ። ሽንሽን ካለው ሽንሽኑን እንደነበረ መመለስ ስላለብሽ ከመፍታትሽ በፊት ፎቶ አንሺው፣ እያንዳንዱን እጥፋትም በባለቀለም ክር ምልክት አድርጊበት። ነጭ ጨርቅ ላይ ሳሙና አይታይም፣ ክር ነው የሚያዋጣው።

ከላይ እስከ ታች ወጥ ከሆነ ደግሞ ወገብ ላይ ዙሪያውን አግድም እጥፋት ያዢና በመቀነቱ ሸፍኚው። 2 ሴንቲ ሜትር የምትገባ እጥፋት ርዝመቱን በ4 ታሳጥረዋለች፣ የጎኑ ሒሳብ ዓይነት ነው። የፊቱ ጥለት እጥፋቱ ላይ ይቋረጣል፣ ግን መቀነቱ ሥር ስለሆነ ማን ያየዋል? ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው፣ ምንም አልተቆረጠም። ልጃገረድ እያለን እህትማማቾች አንድ ቀሚስ የምንቀያየረው በዚሁ ነበር፣ ለረጅሟ ይፈታል፣ ለአጭሯ ይታጠፋል።

ወደ ስፋቱ ስንመጣ አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ የፊቱ ጥለት ከመሐል ንቅንቅ እንዳይል። ከግራና ከቀኝ እኩል ግቢ። በአንድ ጎን ብቻ ካጠበብሽ ጥለቱ ወደዚያ ይጎተታል፣ አንገትሽ ላይ መሐል ሆኖ ጉልበትሽ ላይ ጎን ይሄዳል። የታቹ ጥለት ደግሞ ጎን ስፌቱ ላይ ሲገናኝ መስመር በመስመር መገጣጠም አለበት፤ ስለዚህ ስፌቱን ከታች ከጥለቱ ጀምረሽ ወደ ላይ ሂጂ። አብዛኛው ሰው ከብብት ይጀምርና ታች ሲደርስ ጥለቱ ተዛንፎ ያገኘዋል። እንዲያውም ታቹ ሰፋ ቢል የሚያምር ልብስ ስለሆነ ከብብት እስከ ዳሌ ብቻ አጥብበሽ ከዚያ በታች ያለውን እንዳለ ብትተዪው ጥለቱን ጨርሶ አትነኪውም። እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው።

በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ሳሳ ስለሚል ጠርዙ በቀላሉ ይተረተራል። የግድ የሚቆረጥ ነገር ካለ መጀመሪያ በዚግዛግ ስፌት አስሪው፣ ከዚያ ከዚግዛጉ ውጭ ቁረጪ። በተቃራኒው ካደረግሽው ክሩ እጅሽ ላይ ነው የሚያልቀው። አዲስና ቀጭን መርፌ አስገቢ፣ 70 ወይም 80 ቁጥር፤ የደነዘዘ መርፌ ክሩን እየጎተተ ጨርቁን ያኮማትረዋል። የስፌቱን ርዝመት 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ወይም 3 ላይ አድርጊው። የክሩን ቀለምም አስተውዪ፣ ብዙው የአገር ባህል ልብስ ድፍን ነጭ ሳይሆን ወደ ክሬም የሚያደላ ነው፣ በረዶ የመሰለ ነጭ ክር ከሩቅ ያስታውቃል።

ካውያው ላይ ተጠንቀቂ። ጥለቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ክር ካለበት ትኩስ ካውያ ሊያኮማትረው ወይም ሊያደበዝዘው ይችላል። ገልብጠሽ፣ ሳሳ ያለ ጨርቅ አልብሰሽ፣ ሙቀቱን ቀንሰሽ ተኩሺ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ልክሽን ለእናትሽ በሴንቲ ሜትር ላኪላቸው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ደረትሽ 36 ኢንች ከሆነ 91 ተኩል ያህል ማለት ነው። የገላሽ ልክ ነው ወይስ የልብሱ የሚለውንም ለይተሽ ንገሪያቸው። "ይሄ ገላዋ ነው" ብሎ ልብስ ሰፊው ጨመር ያደርጋል፣ አንቺ ደግሞ ቀድመሽ ጨምረሽ ከሆነ ሁለቴ ይጨመርና መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ይመጣልሻል።

ጥያቄ፦ ሴት ልጅ ወልጄ በ80 ቀኗ ክርስትና ልናስነሳት እየተዘጋጀን ነው። እርጉዝ እያለሁ የገዛሁት ቀሚስ አለ፣ ሆዱ ላይ በጣም ሰፊ ሆነብኝ፣ ደረቱ ላይ ግን ልክ ነው። ቆርጬ ላጥብበው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ። አትቁረጪው። ሰውነትሽ ገና እየተመለሰ ነው፣ ዛሬ ልክ ያደረግሽው ከሁለት ወር በኋላ ልክ አይሆንም፤ ጡቱም እንዲሁ አንድ ቀን ሞልቶ አንድ ቀን ጎድሎ ነው። ለጊዜው የሚሆን ነገር እንፈልግ።

በጣም የሚቀለው ማሰሪያ ነው። ከተመሳሳይ ቀለም ጨርቅ ወይም ጥብጣብ ሁለት ማሰሪያ አዘጋጂ። ጎን ስፌቱን ወገብሽ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ክፈቺና የማሰሪያውን ጫፍ አስገብተሽ መልሰሽ ስፊው። በሌላውም ጎን እንደዚያው። ከኋላ ስታስሪው ስፋቱ ሁሉ ወደ ጀርባ ይሰበሰባል፣ ፊት ለፊት ልክ የተሰፋ ይመስላል፣ ምሳ በልተሽ ሲጨንቅሽ ደግሞ ላላ ታደርጊዋለሽ። ማሰሪያ ካልወደድሽ ከኋላ ወገቡ ላይ ብቻ በውስጥ በኩል ላስቲክ ስፊበት፤ ላስቲኩን እየለጠጥሽ ነው የምትሰፊው፣ ስትለቂው ጨርቁን ይሰበስበዋል። ቀሚሱ ለማጥባት ከፊት የሚከፈት ካልሆነ ግን ሌላ ብታስቢ ይሻላል፣ ክርስትና ቤት ሰው ሞልቶ ልጅ ስታለቅስ ከኋላ ያለ ዚፕ ሲፈለግ አይታይሽም?

ጥያቄ፦ እናቴ ታማ ስለነበር በጣም ከሳች። ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፉባት፣ አዲስ ግዛልኝ ግን አትልም። እኔ መርፌ ይዤ አላውቅም፣ እህትም የለኝም። ቢያንስ አንዱን እንዴት ላጥብብላት? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ። ስፋቱን ብዙ አትድከምበት። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ እናቶች ሰፊ ቀሚስ በመቀነት ሸብ አድርገው መልበስ ይወዳሉ፣ ቁጭ ብድግ ለማለትም ይመቻቸዋል፣ ክብደታቸው ሲመለስ ደግሞ እንደገና ሊጠባቸው ነው። ሁለት ነገር ብቻ ተመልከት።

አንደኛው ርዝመቱ ነው። ሰው ሲከሳ ቀሚሱ ዝቅ ይላል፣ ደረጃ ላይ ረግጠውት እንዳይወድቁ። ጫማቸውን አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ አንተ ከመሬት ጀምረህ በሜትር እየለካህ ዙሪያውን ምልክት አድርግ። ከላይ ወደ ታች ከለካህ ወገባቸው ዝንፍ ካለ ጠርዙም ይዛነፋል። ከዚያ ወደ ውስጥ አጥፈህ ቀምቅመው። መርፌዋ ከውጭ በኩል ያለውን ጨርቅ አንድ ሁለት ክር ብቻ እየነካች ትለፍ። ዝንጥ ያለ ባይሆንም ግድ የለም፣ ታች ነው።

ሁለተኛው አንገቱ ነው። አንገቱ ሰፍቶ ትከሻቸው ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ከኋላ መሐል ላይ ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ታች 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር የምትወርድ እየሳሳች የምታልቅ እጥፋት ስፋበት። ከላይ 1 ሴንቲ ሜትር ብትገባ አንገቱ በ2 ይጠባል። ነጠላቸው ይሸፍነዋል።

ጥያቄ፦ ከዚህ ከገበያ ማዕከል የገዛሁት የሳቲን ቀሚስ ወገቡ ልክ ነው፣ ትከሻው ግን ወደ ክንዴ ይወርዳል። ቤት ውስጥ ይሆናል? (ከዱባይ)

መልስ፦ እጅጌ ያለው ነው ወይስ የሌለው? አልጻፍሽልኝም። እጅጌ የሌለው ከሆነና ትርፉ ትንሽ ከሆነ ይሆናል፣ የትከሻውን ስፌት ከ1 እስከ 1 ሴንቲ ተኩል ወደ ውስጥ ስትገቢ ሙሉ ልብሱ ከፍ ይላል፣ የተንዘላዘለው አንገትም ይሰበሰባል። ወገቡም አብሮ ከፍ እንደሚል ግን አስቢበት።

እጅጌ ካለው አይሆንም። እጅጌው ይፈታል፣ ትከሻው ይቆረጣል፣ መግቢያው እንደገና ይቀረጻል፣ ከዚያ እጅጌው ሳይጨማደድ ይገጠማል፤ ገበር ካለው ደግሞ ይሄ ሁሉ ሁለቴ ነው። በሳቲን ላይ የሚሞከር አይደለም፣ ሳቲን የመርፌን ቀዳዳ አይረሳም፣ የፈታሽው ስፌት ምልክቱ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ለልብስ ሰፊ ስጪውና ለብሰሽ አስለኪ እንጂ ልኩን በቃል አትንገሪው። ስፒሉንም ስፌቱ ላይ ወይም ከስፌቱ ውጭ በሚቀረው ጨርቅ ላይ ብቻ እንዲሰካ ገና ከበሩ ሳትርቂ ንገሪው።